ከደጃፍ እስከ አጥር በር

በሐምሌ አጋማሽ፣ አንድ እሁድ ጠዋት፣ ዝናቡ ትንፋሽ ለመውሰድ ያህል ጋብ ሲል ዳቦ ልገዛ ከቤቴ ወጣሁ። አሰላ በክረምት ምን እንደምትመስል የኖረባት ያውቃታል። ጭላሎ በደመና ተከናንቦ ለሳምንታት ፊቱን አያሳይም፤ ጥቁሩ ዋልካ አፈርም አንዴ የያዘውን ጫማ በቀላሉ አይለቅም። የሰፈራችን መንገድ ኮብልስቶን ከለበሰ ሰንብቷልና ጎዳናው ላይ ጭቃ የለም። ጭቃው የቀረው በየግቢያችን ውስጥ ነው። እንግዳ ከጠራው መንገድ ወደ ቤታችን ሲገባ ይቆሽሻል እንጂ ከቤታችን ሲወጣ አይጠራም።

ከጎረቤቴ ከኦቦ ዋቅጅራ አጥር አጠገብ ስደርስ አንዲት ባጃጅ ሞተሯን ሳታጠፋ ቆማለች። ውስጧ አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህት ተቀምጣለች። የአጥሩ በር ወለል ብሏል። ወደ ውስጥ ስመለከት፣ ኦቦ ዋቅጅራ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ ባለቤታቸውን አዴ ጠጂቱን በጀርባቸው አዝለው፣ በጭቃው መካከል እግራቸውን እየነቀሉ ይመጣሉ። አዴ ጠጂቱ በላስቲክ የተጠቀለለ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በባላቸው ደረት ላይ አቅፈው ይዘውታል።

እኒህ ባልና ሚስት የሽርካ ወረዳ ሰዎች ናቸው። ጎበሳ አጠገብ ገብስና ስንዴ ሲያርሱ ኖረው፣ አዴ ጠጂቱ ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ከተሰበረ በኋላ፣ ሕክምና ይቀርበናል ብለው እርሻውን ለልጆቻቸው ለቀው ወደ አሰላ ገቡ። አዴ ጠጂቱ ድነዋል ማለት ይቻላል፤ በደረቅና በተስተካከለ ወለል ላይ ምርኩዝ ይዘው ይራመዳሉ። ጭቃ ላይ ግን ምርኩዙ ይሰጥማል። ስለዚህ ክረምት ከገባ ከቤት የሚወጡት በባላቸው ጀርባ ብቻ ነው።

ባጃጇ ጋ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው የኦቦ ዋቅጅራ አንድ እግር ሰመጠና ሰውነታቸው ወደ ጎን አዘነበለ። እኔ ስሮጥ ከኋላዬ አንዲት ወጣት ቀድማኝ ደረሰችና አዴ ጠጂቱን ከወገባቸው ደግፋ ያዘች። የጎረቤታችን የሁሴኖ ልጅ ሙቢና ነበረች። ሙቢና ግንባታ ተምራ የተመረቀች፣ ከጓደኞቿ ጋር ሆና ከሲሚንቶና ከአሸዋ በቅርጽ የሚጠቀጠቅ የግቢ ንጣፍ የምታመርትና የምታነጥፍ ልጅ ናት።

አዴ ጠጂቱን ባጃጇ ላይ አስቀመጥናቸው። ደንግጠው ነበር፤ ግን የባላቸውን ሱሪ አይተው ሳቃቸው መጣ።

“አባ ቦና፣ እንዲህ ሆነህ ጌታ ፊት አትቀርብም፤ ቀይረህ ተከተለኝ” አሏቸው። ቦና የበኩር ልጃቸው ነው፤ በእርሱ ስም ነው ባላቸውን የሚጠሩት።

ባጃጇ ሄደች። ኦቦ ዋቅጅራ ቦቲያቸውን በእንጨት ስንጥር እየፋቁ ቀሩ። ሙቢና ትንሽ አመነታችና በትሕትና ጠየቀች።

“ኦቦ ዋቅጅራ፣ ባይቆጡኝ አንድ ነገር ልበል? ይህን ግቢ ለምን ንጣፍ አያስነጥፉትም?”

“አባትሽን አከብራለሁ፤ አንቺም አሁን ሚስቴን ከመውደቅ አድነሻል። ስለዚህ ሳልቆጣ እመልስልሻለሁ” አሉ ኦቦ ዋቅጅራ። “እኔ አፈር ስገለብጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ከዚያ ሁሉ ማሳ ዛሬ የቀረችኝ ይህች የምታያት ቁራሽ ግቢ ናት። ጠዋት ስነሣ ጫማዬን አውልቄ እረግጣታለሁ። ልጄ፣ አፈር ላይ ድንጋይ የሚጫነው ሰው ሲሞት ነው። ሳልሞት ለምን ትቀብሪኛለሽ?”

“ያ እንዳይሆን አላህ ይጠብቅ። ግን ግቢው ሁሉ ይሸፈን አላልኩም።”

“ሁሉም መጀመሪያ እንደዚያ ነው የሚለው። እዚያ ታች ወልደጻድቅን እይው። ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ አፈሰሰበት። ‘አማረልኝ’ አለ። ነሐሴ ሲመጣ ውሃው መግቢያ አጥቶ ሳሎኑ ገባ። ሶፋውን ፀሐይ ላይ ሲያሰጣ ያላየው ሰው የለም። መሬት ጉሮሮ አለው፤ ብትዘጊው ያንቅሻል።”

ይህን ሲሉ እኔም ራሴን ነቀነቅሁ፤ የወልደጻድቅ ሶፋ እውነት ነበረና። ሙቢና ግን አልተሸነፈችም፤ ደግሞም አልታበየችም።

“ልክ ብለዋል” አለች። “አቶ ወልደጻድቅ ያደረጉት ስሕተት ነው። ግን ሲሚንቶ ማፍሰስና ንጣፍ ማንጠፍ አንድ አይደሉም። ሲሚንቶ ሲፈስ አንድ ወጥ ይሆናል፤ ውሃ አያሳልፍም፤ ከተሰነጠቀም መላው ይበላሻል። ንጣፍ ግን አንድ አንዱ ለብቻው ነው። ከሥሩ ጠጠራማው ገረጋንቲ ይጠቀጠቃል፤ በላዩ አሸዋ ይተኛል፤ ከዚያ ንጣፉ ይደረደራል። በመካከሉ ያለው ክፍተትም በአሸዋ ስለሚሞላ ዝናቡ ጥቂት በጥቂት ሰርጎ ይገባል። የተረፈው ደግሞ በተሰጠው ተዳፋት ወደፈለጉት ይሄዳል። አንዱ ቢሰበር አንዱን ነቅሎ መተካት ነው። የመሬቱ ጉሮሮ አይታነቅም።”

“ጭቃ እኮ የክረምት እንግዳ ነው። ሰኔ ይመጣል፤ መስከረም ይሄዳል። አባቶቻችን ከእርሱ ጋር ኖረዋል።”

“እንግዳስ ቢሆን ቤት እያፈረሰ ባልሄደ ነበር። ይምጡ እስቲ፣ ግድግዳዎን ልይ።” ወደ ቤቱ ጥግ ወስዳ አሳየችን። “ከቆርቆሮው የሚወርደው ጠፈጠፍ መሬቱን ቆፍሮ፣ ጭቃውን እየረጨ፣ የግድግዳውን እግር በልቶታል። ምርጊቱ ረግፎ እንጨቱ ታይቷል። እንጨቱ ከበሰበሰ ቤቱ ይዘማል። ውስጥስ? አዴ ጠጂቱ የሚራመዱበት ወለል ላይ እርጥብ ጭቃ በየጫማው እየገባ ያሟልጫል። ብርዱና እርጥበቱም ለአጥንታቸው አይበጅም።”

ኦቦ ዋቅጅራ የተራቆተውን እንጨት በጣታቸው ነካ አደረጉት። ከዚያ ቀና ብለው፣ እንደ ገና ክርክሩ የተጀመረ ያህል፣ ደረታቸውን ነፉ።

“ጠጂን እኔ እሸከማታለሁ። ይኸው እስካሁን አንድ ቀን ጥያታለሁ?”

“አልጣሏቸውም፤ ዛሬ ግን ለጥቂት ነው።”

“አልጣልኳትም!” አሉ ኦቦ ዋቅጅራ፤ ንግግሩም በዚህ አበቃ። ሙቢናን መርቀው፣ “ምክርሽ ጥሩ ነው፤ ለወጣቶች ግቢ ይሁንልሽ” ብለው ልብስ ሊቀይሩ ገቡ።

ከልጅቱ ጋር ወደ መንገዱ ስንወጣ፣ “መምህር፣ ምን አጠፋሁ?” አለችኝ። መምህር የምትለኝ ጂኦግራፊ ሳስተምር ጡረታ ስለወጣሁ ነው። ምንም አላጠፋሽም አልኳት። ሽማግሌ እምቢ ሲል ሁልጊዜ ካለማወቅ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚወደው ነገር እንዳይነካበት ፈርቶ ነው። የሚወደውን ሳናውቅ የምንሰጠው ምክር፣ ምን ያህል እውነት ቢሆን፣ ከበር ይመለሳል። ኦቦ ዋቅጅራ ከአፈሩ ሌላ የሚሳሱለት ነገር እንዳለ ያን ዕለት ጠርጥሬያለሁ፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

ነሐሴ ገባ። አንድ የገበያ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናብ እየደበደባቸው ኦቦ ዋቅጅራ ቤቴ መጡ። በእጃቸው በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዘዋል። ይቀመጡ ብላቸው አልቀመጥ አሉ።

“መምህር፣ ያቺን የሁሴኖን ልጅ ይጥሩልኝ።”

“ምን ሆኑ? አዴ ጠጂቱ ደኅና ናቸው?”

“ደኅናስ ናት። ይህን ቋጠሮ ያዩታል? በሶ ነው፤ ውስጡም ቅቤ አለ። ከገበያ ስመለስ የአጥራችን በር እጀታ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። የጨርቁን አቋጠር ሳይ የማን እንደሆነ አወቅሁ። የፈይሩዛ ነው።”

አዴ ፈይሩዛ ማን እንደሆኑ ከዚያ በፊት ሰምቻለሁ። ጎበሳ ሳሉ የአዴ ጠጂቱ የቅርብ ጎረቤት ነበሩ። አንዷ ስትወልድ ሌላዋ አራሷን እየጠበቀች፣ የአንዷ ልጅ ከሌላዋ ጓዳ እየበላ ነው ያደገው። አንዷ ሙስሊም፣ አንዷ ጴንጤ መሆናቸው በበዓል ቀን ሁለት ጊዜ ያስደስታቸው ነበር እንጂ ሌላ አልነበረም። አዴ ጠጂቱ ወደ አሰላ ከገቡ ወዲህ ግን ተገናኝተው አያውቁም።

“ደስ ብሎኝ ሮጥኩ” አሉ ኦቦ ዋቅጅራ። “ ‘ፈይሩዛ መጣች?’ ብዬ ገባሁ። ጠጂ ደፉ ላይ ቆማለች፤ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። ምርኩዟ ከፊት ለፊቷ መሬት ውስጥ ተተክሎ ቀርቷል። የአጥር በራችን ሲዘጋ ራሱ የሚቆለፍ ነው፤ ከውጭ ቁልፍ ያለው፣ ከውስጥም የሚከፍተው ሰው ካልኖረ አይከፈትም። ፈይሩዛ ስልኳ ቻርጅ ጨርሶባት ሰው እየጠየቀች ነው ቤቱን ያገኘችው። በሩን መታች፤ ‘ጠጂቱ! ጠጂቱ!’ ብላ ተጣራች። ጠጂ ድምፅዋን ለይታ ሰምታለች። ‘አለሁ!’ ብላ ጮኻለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የማን ድምፅ ይሰማል? ልትሄድ ሞከረች፤ ምርኩዟ ሰጠመ። ልትነቅለው ስትል ልትወድቅ ደረሰች። በበሩ ሥር ባለው ክፍተት የፈይሩዛን ጫማ ታያለች። ጫማው ቆየ፤ ቆየ፤ ከዚያ ዘወር ብሎ ሄደ።”

ቋጠሮውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

“አላለቀሰችም” አሉ። “ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ‘ፈይሩዛ ያን ሁሉ መንገድ መጥታ ቤታችን ሰው የለም ብላ ሄደች’ አለችኝ። ይህን ብቻ ነው ያለችኝ። መምህር፣ እኔ እሸከማታለሁ እያልኩ ስኩራራ፣ ለካ ገበያ በሄድኩ ቁጥር ቤት ውስጥ ቆልፌባት ነው የምሄደው።”

በማግሥቱ ጠዋት ሙቢናን ይዤ ሄድኩ። አዴ ጠጂቱ ፈይሩዛ አገሯ ገብታ እንደደወለች፣ ለረጅም ጊዜም እንዳወሩ ነገሩን። ፊታቸው ትንሽ ተፈትቷል። ኦቦ ዋቅጅራ ግን ቸኩለዋል።

“ልጄ፣ ዛሬውኑ ጀምሪልኝ። ከፈለግሽ ግቢውን ሁሉ አልብሺው።”

ሙቢና ፈገግ አለች። “ኦቦ ዋቅጅራ፣ ጊዜውን ሳያይ የሚዘራ ገበሬ አለ? አሁን መሬቱ ውሃ ጠጥቶ ለስልሷል፤ ዛሬ ብናነጥፍ ለመጪው ዓመት ይሰምጣል። ክረምቱ ይውጣ፤ አፈሩ ይጠንክር። እስከዚያው እስከ በሩ ጣውላ እናስቀምጣለን። ግቢው ሁሉም አይለብስም። የት የት እንደሚሆን ደግሞ አዴ ጠጂቱን እንጠይቃቸው፤ የሚራመዱበት እሳቸው ናቸው።”

አዴ ጠጂቱን ደነቃቸው። “ይህ ሁሉ ክርክር ሲደረግ እኔን የጠየቀ ሰው አልነበረም” አሉ። ሳቁ፤ ከዚያ ግን ኮስተር ብለው ወደ ባላቸው ዞሩ።

“አባ ቦና፣ ስትሸከመኝ ደስ ይልሃል። አውቃለሁ።”

ኦቦ ዋቅጅራ እንደ ልጅ አቀረቀሩ። “እርሻው ቀረ፤ በሬዎቹም ቀሩ” አሉ ቀስ ብለው። “ጠዋት ስነሣ የሚጠብቀኝ ሥራ የለም። አንቺን ማንሣት ብቻ ቀረኝ። በእግርሽ ከሄድሽ እኔ ለምን እፈለጋለሁ?”

እነሆ፣ የሚሳሱለትን ነገር ያን ጊዜ አወቅሁት። ሙቢናም አንገቷን ደፋች። አዴ ጠጂቱ ግን እጃቸውን ዘርግተው የባላቸውን እጅጌ ያዙ።

“አንተን የምፈልግህ ለጀርባህ ነው? ጀርባህን አሳርፈው። እጄን ያዘኝና ጎን ለጎን እንሂድ። ከታዘልኩ ወዲህ እኮ ፊትህን አላየሁትም፤ የማየው ማጅራትህን ነው።”

ከዚህ በኋላ የተከራከረ የለም። አዴ ጠጂቱ ከመስኮቱ አጠገብ ቆመው በምርኩዛቸው አመለከቱ። ከደጃፉ እስከ አጥሩ በር አንድ መንገድ፤ ከእርሱ ተገንጥሎ ወደ ሽንት ቤቱ የሚወስድ ሌላ፤ ግቢው ውስጥ ካለው የኮሶ ዛፍ አጠገብ፣ የጠዋት ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ወንበር የሚይዝ ክብ ሜዳ። ሙቢና መንገዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን እንዲያስኬድ ሰፋ ይላል አለች። የደጃፉ ደረጃ ቀርቶ በዝግታ የሚያዘቀዝቅ መውረጃ ይሆናል፤ ንጣፉም እንዳያንሸራትት ፊቱ ሻካራ የሆነው ይመረጣል። ከግድግዳው ሥር ደግሞ ጠፈጠፉ የሚያርፍበት የጠጠር መስመር ይሠራል።

“የቀረው መሬትስ?” አሉ ኦቦ ዋቅጅራ።

“የቀረው የእርስዎ ነው። የእግር መንገዱ ላይ ሣሩ ድሮም ሞቷል፤ እኛ የምናለብሰው የሞተውን ነው። ውሃው የሚያዘነብለውም ወደ ጎመን መደብዎ ነው።”

ክረምቱ ወጣ። በጥቅምት ሙቢናና ጓደኞቿ ሲባጎ ወጥረው፣ ውሃ ልክ እየያዙ ሥራ ጀመሩ። ኦቦ ዋቅጅራ አካፋ ይዘው ከመካከላቸው ገቡ። ከመንገዱ የተነሣውን ጥቁር አፈር አንዲት ቁና እንኳ ከግቢው አላስወጡም፤ በሙሉ ወደ ጎመኑ መደብ አጋዙት። “አፈሬ አልተቀበረም፤ ቦታ ነው የቀየረ” እያሉ ይፎክሩ ነበር። ገረጋንቲው ሲጠቀጠቅ፣ አሸዋው ሲደለደል፣ ንጣፉ በላስቲክ መዶሻ እየተመታ ሲተኛ ቆመው ያያሉ። ክቡ ሜዳ የኮሶውን ሥር እንዳይነካ አንዴ ተሟግተው ሙቢናን ወደ ኋላ እንድትስበው አድርገዋታል፤ እርሷም ትክክል ናቸው ብላ ሳበችው።

ሥራው ሲያልቅ አዴ ጠጂቱ ከደጃፉ ወጡ። ምርኩዛቸው ንጣፉን ሲመታ ኳ አለ። ቆሙ፤ አንዴ ደግመው መቱት። ከዚያ ኦቦ ዋቅጅራ እጃቸውን ይዘው፣ እርሳቸውም ምርኩዛቸውን ይዘው፣ እስከ አጥሩ በር ሄደው መቀርቀሪያውን በገዛ እጃቸው ሳቡት። በሩ ተከፈተ። ጎዳናውን ወዲህና ወዲያ አዩ። የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ሰላም አሉ፤ የማያውቁትንም ጭምር። ሙቢናን፣ “ገለቶሚ፣ አመሰግንሻለሁ ልጄ፤ ጌታ የእጅሽን ሥራ ይባርክ” ብለው ግንባሯን ሳሟት፤ እርሷም “አሚን” አለች።

አዴ ፈይሩዛ በኅዳር መጡ። ኦቦ ዋቅጅራ ያን ዕለት ሆን ብለው ከቤት አልወጡም፤ ግን በሩ ሲመታ ከወንበራቸው አልተነሡም። “ለአንቺ ነው” አሉ። እኔ በአጥር በኩል ስመለከት ሁለቱ ሴቶች በሩ ላይ ተቃቅፈው ለረጅም ጊዜ አልተላቀቁም። የአዴ ፈይሩዛ ጫማ ንጹሕ ነበር፤ እስከ ሳሎን ንጹሕ ሆኖ ገባ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባልነግራችሁ ታሪኬ ጎደሎ ይሆናል። ቀጣዩ ክረምት አልፎ፣ ፀሐይ በወጣችበት በአንድ የመስከረም ጠዋት ኦቦ ዋቅጅራ ጋ ተቀምጬ ሳለ ወልደጻድቅ መጣ። ግቢውን ዙሪያ ዞሮ አየ፤ ጎንበስ ብሎም ንጣፉን በጣቱ ነካካ።

“ኦቦ ዋቅጅራ፣ ከልብዎ ይንገሩኝ። ያን ሁሉ ዝናብ ውሃ አልገባብዎትም?”

“አልገባም። ውሃው ጎመኔን አጠጣ። ይኸው ጎመኑን እየው፣ ወገብህ ይደርሳል። የግድግዳዬ እግር ደረቅ ነው፤ ዘንድሮ ምርጊት አላስመረግሁም። ሚስቴ ከቤቱ ጭቃ ስታስጠርግ አትውልም። ሰው ሲመጣ ‘ጫማህን አውልቅ፣ በዚህ እለፍ፣ በዚያ አትርገጥ’ ብለን አናሳቅቀውም። ማታ ሽንት ቤት ስትሄድ ትወድቃለች ብዬ አልባንንም። የጸሎት ቡድኑም አሁን እኛ ጋ ይሰበሰባል፤ እዚያ ኮሶው አጠገብ። አንተም ሲሚንቶህን አስነሣና ለመሬቱ አፍ ክፈትለት።”

“እርስዎ አይደሉም እንዴ ድንጋይ የሚጫነው ሰው ሲሞት ነው ያሉት?”

“ብያለሁ” አሉ ኦቦ ዋቅጅራ ሳይደናገጡ። “ያኔ መሬቱን ብቻ ነበር የማየው። ግቢ ግን ለመሬቱም፣ በላዩ ለሚሄደው እግርም ነው። ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል። ላስረዳህ፤ መጀመሪያ ገረጋንቲ…”

እኛ ሰዎች ሳሎናችንን ለማሳመር እንደክማለን፤ መጋረጃ እንለውጣለን፤ ምንጣፍ እንገዛለን። ከደጃፋችን እስከ አጥራችን በር ያለውን መሬት ግን ማንም የማይኖርበት አድርገን እንተወዋለን። የታመመ ሰው፣ ያረጀ ሰው፣ ገና መሄድ የሚማር ሕፃን ዓለሙ የሚሰፋውም የሚጠበውም በዚያች መሬት ነው። በአንድ ጊዜ ሁሉንም መሥራት የማይችል ከደጃፉ ይጀምር፤ እስከ በሩ ያድርስ፤ ለዛፉና ለጎመኑ የሚሆነውን አፈርም አይንካ። ውሃውን ወደ ጎረቤቱ አይልቀቅ። ከሁሉም በፊት ደግሞ በዚያ መንገድ የሚሄደውን ሰው ወዴት መሄድ እንደሚፈልግ ይጠይቀው።

ኦቦ ዋቅጅራ ስለ አሸዋው እያስረዱ ሳለ ከኮሶው ሥር አዴ ጠጂቱ ተጣሩ።

“አባ ቦና! ፀሐዩ ሳያልፍ ና እንጂ!”

ኦቦ ዋቅጅራ ንግግራቸውን እንደ ጀመሩት ጥለውት ተነሡ። ወልደጻድቅ፣ “አሸዋው ምን ያህል ይሁን ነው ያሉት?” ቢላቸው፣ “ሙቢናን ጠይቃት” ብለው ወደ ሚስታቸው ሄዱ።